የሞተር መጋዜን ከመቃጠል ላተረፉልኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው ከልቤ ላመሰግናቸው የምፈልግ አንድ መካኒክ ስላሉ ነው። በሞተር መጋዝ የምትሠሩ፣ በተለይም መጋዛችሁ ባስቸገረ ቁጥር «ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ነው፣ ትንሽ ማስተካከል ነው» እየተባላችሁ የምትመለሱ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

መጋዜ ጠባዩ ከተቀየረ ሰንብቶ ነበር። ይነሳል፤ ነዳጅ ስሰጠው ግን ታፍኖ ይጠፋል። ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ወደ ጎን ሳጋድለው ደግሞ ማንም ሳይነካው ይጮሃል። መጀመሪያ ያሳየሁት ሰው ምንም ሳይጠይቀኝ ካቻቢቴ አወጣና የካርቡራቶሩን ማስተካከያ ብሎኖች አዟዙሮ፣ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ አስጮኸው። ድምፁ ቀጭንና ስለታም ሆነ። ጉልበት ያገኘ መስሎኝ አመስግኜ ወሰድኩት። ሁለት ሦስት ታንክ እንደሠራሁበት ግን ሲሞቅ አቅም ያጣ ጀመር።

ያኔ ነው አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ወደ እኚህ ጋሼ የወሰደኝ። ጋሼ አንዴ አስነስተው አዳመጡት፤ ወዲያው አጠፉት። «ልጄ፣ ብሎን የመጨረሻው ነው» አሉኝና ታንኩን ከፍተው ቤንዚኑን አሸተቱ። መቼ እንደቀላቀልኩት ጠየቁኝ፤ ስንት ለስንት እንደሆነም ጠየቁኝ። የእኔ መጋዝ መመሪያ የሚለው 50 ለ1 ነው፤ ማለትም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት። ልኩ ትክክል ነበር፤ ቤንዚኑ ግን ስለቆየ ደፉት። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን አጠቡ፣ ካንዴላውን ፈትተው አዩ፣ የማርሚታውን ወንፊት ከጥላሸት አጸዱ።

ማርሚታው ከወለቀ በኋላ ያሳዩኝን ግን አልረሳውም። በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል ባትሪ አብርተው ፒስተኑን እንዳይ አደረጉኝ። ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጫጭን ጭረቶች ጀምረዋል። እንዲህ ያለ ሞተር ለብቻው የሚቀመጥ የሞተር ዘይት የለውም፤ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ያንሳል፣ አብሮት ዘይቱም ያንሳል፣ ዙሩና ሙቀቱ ግን ይጨምራል። «ደስ ያለህ ጩኸት የጠማው ሞተር ድምፅ ነው» አሉኝ። ትንሽ ብቆይ ኖሮ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀር ነበር።

ዋናው ችግር ከካርቡራቶሩ ውጭ ሆኖ ተገኘ። የቤንዚኑ ቱቦ በታንኩ ግድግዳ በሚያልፍበት ቦታ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለው። በእጅ ፓምፕ አየር ሞልተው ሲያዩት የግፊት መለኪያው ቀስ እያለ ወረደ። ስለዚህ መጋዙ ቤንዚን ሲስብ አየርም አብሮ ይስብ ነበር ማለት ነው፤ ሳጋድለው ድምፁ የሚቀያየረውም ለዚህ ነበር። ቱቦውንና ታንክ ውስጥ ያለውን ማጣሪያ ቀየሩ። ካርቡራቶሩን ሲከፍቱት ደግሞ ዲያፍራሙ ደርቆ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። (የሞተር መጋዝ በጎንም ተገልብጦም ስለሚሠራ፣ ካርቡራቶሩ እንደ አሮጌ መኪና ተንሳፋፊ የለውም፤ ቤንዚኑን የሚመጥነው ይህ ስስ ሽፋን ነው። ሲደርቅ ምንም ብሎን አያስተካክለውም።) እሱንም በአዲስ ተኩ።

ብሎኖቹን የነኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሦስት ናቸው፦ ኤል የዝቅተኛውን ዙር ቤንዚን ይመጥናል፣ ኤች የከፍተኛውን፣ ሦስተኛው የሚኒሞ ነው፤ እንደ አምራቹ ኤልኤ ወይም ቲ ተብሎ ይጻፍበታል። ኤልና ኤችን እስኪነኩ ድረስ በቀስታ ዘጓቸው። አጥብቆ መዝጋት የብሎኑን ጫፍና መቀመጫውን ያበላሻል። ከዚያ በመመሪያው መሠረት ሁለቱንም አንድ አንድ ዙር ከፈቱ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ኤልን ወዲያና ወዲህ እያሉ ሚኒሞው ከፍ የሚልበትን ቦታ አገኙና ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ ከፈቱት፤ ነዳጅ ሲሰጡት ሳይታፈን ወዲያው ተነሳ። ቀጥለው ሰንሰለቱ ፈጽሞ እስኪቆም ድረስ ሚኒሞውን አወረዱ። ነዳጅ ሳይሰጥ ሰንሰለቱ የሚዞር መጋዝ ሰው ይጎዳልና እዚህ ላይ በጣም ጥብቅ ናቸው።

ኤች ላይ ረጅም ጊዜ ወሰዱ። የዙር መቁጠሪያ ይዘው፣ አምራቹ ከፈቀደው ከፍተኛ ዙር እንዳያልፍ አደረጉት። በጆሮም እንድለይ አስተማሩኝ፦ ያለ ጭነት ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ትንሽ ጉርምርም ማለት አለበት፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ያ ጉርምርምታ ጠፍቶ ድምፁ ይጠራል። እንጨት ውስጥም ካልጠራ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ያለ ጭነት ጭራሽ ካልተሰማ ደግሞ አንሶታል። ጉቶ ላይ ቆርጠው ካሳዩኝ በኋላ እኔንም አስቆረጡኝ።

የት እንደምሠራም ጠይቀውኛል። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። እዚያ የጠበቀ ብሎን ይዞ ቆላ መውረድ ግን ሞተሩን ለጥማት መዳረግ ነው። ስለዚህ ስወርድ እንዳመጣላቸው አስጠንቅቀውኛል።

ለሚቸኩል ሰው ጋሼ አይሆኑም፤ የእኔ ሁለት ቀን ፈጅቷል። ካርቡራቶራቸው በኤሌክትሮኒክስ ራሱን የሚያስተካክል፣ ብሎን የሌላቸውን አዳዲስ መጋዞችም አይቀበሉም፤ መመርመሪያ መሣሪያው የለኝም ብለው በግልጽ ይመልሳሉ። ይህም በእሳቸው ላይ ያለኝን እምነት ጨመረው። የሚቀየረውን ዕቃ አስቀድመው ይነግራሉ፣ አሮጌውንም በእጅ ይሰጣሉ። የተሰነጠቀውን ቱቦ አሁንም መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ስለ ታገሱኝና ስላስተማሩኝ በጣም አመሰግናለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ መጋዙን ከነቤንዚኑ፣ መመሪያውንም ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።