የአባዬ የአየር ፍራሽ፦ ከአራት ወር በኋላ የምለው

ሻጩ «ሞተሩ መኖሩንም አታውቂም» ብሎኝ ነበር። አወቅሁት! በመጀመሪያው ሳምንት አባዬ «ይቺን ንብ አስወጡልኝ» እያለ አስቸገረን። ለካ ሞተሩ በመንጠቆ ግርጌው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ኖሮ የሚንጫጫው ብረቱ ነው። አውርደን ወለል ላይ፣ የታጠፈ ፎጣ አንጥፈን አስቀመጥነው። ከዚያ ወዲያ ንቧን አላነሳትም።

ዕቃውን ለማታውቁት፦ ከፍራሽ ላይ የሚነጠፍ፣ በአግድም የተደረደሩ የአየር ቋቶች ያሉት ነው። ሞተሩ እያፈራረቀ ግማሾቹን ይነፋል፣ ግማሾቹን ያስተነፍሳል። የእኛው በየ10 ደቂቃው ይቀያይራል። ራሱን ማገላበጥ ያቃተው ሰው ሰውነቱ በአንድ ቦታ ሲጫን ውሎ ሲያድር ደም ወደዚያ መድረስ ያቅተዋል፤ የአልጋ ቁስል የሚመጣው ከዚያ ነው። ፍራሹ ጫናውን ቦታ ያስለውጠዋል። ሥራው ይኸው ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ትልቁ ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው። ቤት እየመጣች የምታየው ሲስተር፣ አባዬ ቀኑን አልጋ ላይ መዋል ሲጀምር «አሁኑኑ ፈልጉ» ብላን ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ቤት ማስገባት በቁሙ «ከእንግዲህ አትነሳም» ማለት መሰለኝ። ሦስት ሳምንት አንገራገርሁ። አንድ ጠዋት ገላውን ስናጥበው ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ አጥንቱ ጎላ ያለበት ቦታ፣ የሳንቲም ታህል ጠቆር ያለች ነገር አየሁ። «ይቀላል» ሲባል ስለሰማሁ ቀይ ነበር የምጠብቀው። ሲስተሯ በእጇ ጀርባ ዳሰሰችውና «እዚህ ጋ ንኪው፣ ይሞቃል» አለችኝ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ከአካባቢው መጥቆሩን፣ መሞቁን፣ ጠንከር ማለቱን ነው ማየት። ላሸው ብዬ እጄን ስሰድ ያዘችኝ፤ የተጎዳ ቆዳ አይታሽም። ፍራሹን ያዘዝሁት በዚያው ቀን ነው።

ሲመጣም በትክክል አልተጠቀምንበትም። ሞተሩ ላይ ያለው መዘውር የሚስተካከለው በሰውየው ክብደት ነው። እኛ የድሮውን አባዬን አስበን 80 ኪሎ ላይ አደረግነው፤ እሱ ግን ከስቶ አልቋል። ፍራሹ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ትክክለኛው መለኪያ እጅ ነው፦ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ በመቀመጫው ትይዩ ከተነፈሰው ቋት ሥር ማስገባት። አጥንቱ እጅ ላይ ካረፈ አየሩ አንሷል። በመሃል 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ያህል አየር ካለ ደህና ነው። እህቴ ደግሞ እንዳይቀዘቅዘው ብላ ብርድ ልብስ አጥፋ፣ ላስቲክ ጨምራ ከሥሩ ታነጥፍለት ነበር። ያን ሁሉ ከደረቡበት ገንዘቡን መጣል ነው። አንድ ላላ ያለ አንሶላ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ ቀስ በቀስ ይተነፍሳል። የቱቦዎቹ ጫፍ ላይ አየሩን የሚያቆይ ክዳን አለው፤ መመሪያው ላይ በደቃቃ ፊደል ስለተጻፈ በሁለተኛው ወር ነው ያገኘነው። ቱቦው ራሱ አንሶላ ሲቀየር ቶሎ ይነቀላል። ለዚህ ሁለት ኮከብ ቀንሻለሁ።

ማገላበጥን ያስቀርልናል ብላችሁ ግን እንዳትገዙት። እኔና እህቴ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፈን በየሁለት ሰዓቱ በተራ እናዞረው ነበር፤ ሙሉ በሙሉ በጎኑ ሳይሆን ትራስ ከጀርባው ደግፈን ጋደም አድርገን። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ሌላ ትራስ። ሲያመው ማስታገሻውን ከማዞራችን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለን እንሰጠዋለን። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሲስተሯ «አሁን ሰዓቱን ተዉት፣ እሱ የተመቸው ይሁን» አለችን፤ ወረቀቱን ነቀልነው።

የሌሊቱ ተራ ሌላም ነገር አወጣ። አባዬ ቀን የማይናገረውን ሌሊት ሲገላበጥ ይናገር ነበር። የሳጥኑ ቁልፍ የት እንዳለ፣ ማን ብድር እንዳለበት፣ የቱ ወረቀት ከየትኛው ጋር እንደታሰረ። እህቴ ደብተር ይዛ መግባት ጀመረች። እሱም አይቷት «ጸሐፊዬ መጣች» ይላታል። ውክልና ሰውየው ሲያርፍ አብሮ እንደሚቀር የሰማነው ያኔ ነው፤ በእሱ ፊርማ ብቻ የሚያልቀውን ጉዳይ ነቃ ባለበት ጠዋት ጨረስነው።

ያቺ ጠቆር ያለች ቦታ አልቆሰለችም። ሌላም አልወጣበትም። ፍራሹ ነው ወይስ ወረቀቱ ብትሉኝ መለየት አልችልም።

የሚያከራይ ካገኛችሁ ተከራዩት፤ ለወራት ብቻ ነው የሚፈለገው። የእኛው አንድ ቋት ቢቀደድም ለብቻው ተገዝቶ ይተካል፣ ሽፋኑ ይታጠባል፣ ሞተሩ ደህና ነው። አሁን የባልደረባዬ እናት ተኝተውበታል። መዘውሩን በክብደታቸው አስተካክዬ፣ ስለ ክዳኑ በትልቅ ፊደል ጽፌ ሞተሩ ላይ ለጥፌላታለሁ። ፎጣውንም አብሬ ሰጥቻታለሁ።