ሲምፕልቦክስ ፎር ናኖ፦ ለመጀመሪያ ግምት ጥሩ፣ ለጎርፍ ወቅት አይሆንም

ሲምፕልቦክስ ፎር ናኖ የተባለው የስሌት ሞዴል ሰው ሠራሽ ናኖ ቅንጣቶች (በናኖሜትር፣ ማለትም በሜትር ቢሊዮንኛ የሚለኩ ደቃቅ ቅንጣቶች) ወንዝ ውስጥ ከገቡ በኋላ የት እንደሚደርሱ ለመገመት ጥሩ መነሻ ነው። የኔዘርላንድስ ብሔራዊ የሕዝብ ጤናና አካባቢ ተቋም በነፃ ያቀርበዋል። በኤክሴል ስለሚሠራ እያንዳንዱን ቀመር ከፍቶ መመርመር ይቻላል፤ ትልቁ ብርታቱም ይኸው ነው።

ቅንጣቱን በሦስት መልክ ይከታተላል፦ ለብቻው ያለ፣ ከ450 ናኖሜትር በታች ከሆኑ የተፈጥሮ ኮሎይዶች (ውሃ ውስጥ ተንሳፈው ከሚቆዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ጋር የተጣበቀ፣ ከዚያ በሚበልጥ ደለል ላይ የተለጠፈ። ውጤቱን በብዛት የሚወስነው ከ0 እስከ 1 የሚሰጠው የመጣበቅ ብቃት፣ ማለትም ቅንጣቶች ሲጋጩ የመጣበቃቸው ዕድል ነው። ከ0.01 ወደ 1 ሲቀየር የመጣበቅ ፍጥነቱ 100 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በተጣራ ውሃ የተለካ ቁጥር አታስገቡ፤ የወንዙ ካልሲየም መጣበቅን ሲያግዝ፣ ከበሰበሰ ዕፅዋት የሚወጣው ኦርጋኒክ ቁስ አብዛኛውን ጊዜ ያዳክመዋል። ልኬቱ በዚያው ወንዝ ውሃ ይሁን።

ራዲየስና ዲያሜትርም እንዳይምታቱ። ዲያሜትሩ በራዲየሱ ቦታ ከገባ በስቶክስ ቀመር የሚሰላው የመዝቀጥ ፍጥነት 4 እጥፍ ይሆንና ቅንጣቱ ያለ አግባብ ወንዙ ሥር ይከማቻል።

ስሌቱ ሁሉም ነገር እንደተረጋጋና ውሃው በደንብ እንደተደባለቀ ስለሚወስድ ጎርፍም ሆነ የፍሳሽ መውጫ አካባቢ ያለው ክምችት አይታይበትም። ለዚያ ወንዙን በክፍልፋይና በጊዜ የሚያሰላው ዋስፕ 8 የተባለው የውሃ ጥራት ሞዴል ይሻላል። የብርና የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣቶች ሲሟሟ ደግሞ ሲምፕልቦክስ እንደተወገዱ ይቆጥራቸዋል፤ ከእነሱ የሚወጡትን አዮኖች (ኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን አተሞች) ለብቻ ማስላት ግድ ነው።