በመብራት መጠበቅ ወይስ አባጨጓሬዋን ማሳደግ?

በእንግሊዝ የኦክ ደኖች የምትኖረውን፣ በሳይንሳዊ ስሟ ኦፔሮፍቴራ ብሩማታ የምትባለውን ትንሽ የእሳት እራት ለይቶ ለማወቅ ሁለት መንገዶች አሉ፤ በሌሊት መብራት አብርቶ መጠበቅ ወይም በጸደይ አባጨጓሬዋን ለቅሞ ማሳደግ።

በወጪና በድካም መብራቱ ይቀላል፤ ከነጭ ጨርቅ ፊት የበራ አምፖል በኖቬምበርና በዲሴምበር ምሽቶች ወንዱን ይስባል። ሆኖም የወንዱ ክንፍ የዛፍ ቅርፊት የመሰለ ግራጫማ ቡናማ በመሆኑ ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ሴቷ ደግሞ ክንፏ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ መብረር አትችልም። እሷን የሚሻ ሰው ከመሸ በኋላ ግንዱን በእጅ ባትሪ ቢመረምር፣ ሆዷ የተነፋ፣ ሸረሪት የምትመስል ፍጥረት ቀስ እያለች ወደ ላይ ስትወጣ ያያል፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት የለም።

ማሳደግ ትዕግሥት ይጠይቃል። በቅርፊት ስንጥቅ የተጣለው እንቁላል የኦክ እምቡጥ ሲፈነዳ ይፈለፈላል፤ ጀርባዋን እያጎበጠች የምትራመደው አረንጓዴ አባጨጓሬ ትኩስ ቅጠል ትበላለች፣ በሜይ መጨረሻና በጁን ወደ አፈር ወርዳ ፑፓ (ሳትንቀሳቀስ ወደ እሳት እራት የምትለወጥበት ደረጃ) ትሆናለች፣ እስከ ኖቬምበርም እርጥበቱ የተጠበቀ አፈር ያስፈልጋታል። አፈሩ ሊደርቅ ይችላል፤ አባጨጓሬዋ ሲዜኒስ አልቢካንስ የተባለው ዝንብ በቅጠል ላይ የጣለውን እንቁላል በልታ ከሆነም ከፑፓዋ የሚወጣው የእሳት እራቷ ሳትሆን ዝንቡ ነው።

በአንድ ደን ውስጥ መኖሯን በጥቂት ምሽቶች ማረጋገጥ ለሚፈልግ መብራቱ ይሻላል፤ ሙሉ የሕይወት ዑደቷን ለተማሪዎች ማሳየት ለሚሻ መምህር ግን ማሳደጉ ይመረጣል።