ለብቻ የታሰሩ ሰዎችን አያያዝ የሚከታተሉ የገለልተኛ ተቆጣጣሪዎች አገልግሎት ሲገመገም

ገለልተኛ የእስር ቤት ተቆጣጣሪዎች የሚሰጡትን አገልግሎት የምመዝነው በዋናነት በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ለብቻው የተዘጋበት ሰው ክፍል ድረስ ገብተው ጠባቂ በሌለበት ያነጋግሩታል ወይስ ከአስተዳደሩ ቢሮ ማብራሪያ ተቀብለው ይመለሳሉ የሚለው ነው።

ደረጃው የታወቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች፣ አንድን እስረኛ ከሰው ጋር የረባ ግንኙነት ሳይኖረው በቀን 22 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ዘግቶ ማቆየትን ለብቻ ማሰር ይሉታል፤ ይህም በተከታታይ ከ15 ቀን ካለፈ ወይም ማብቂያው ሳይታወቅ ከቀጠለ ክልክል ነው። ደንብ 84 ደግሞ ተቆጣጣሪዎች ሳያስታውቁ እንዲገቡ፣ መዛግብትን እንዲመረምሩና የመረጡትን እስረኛ በምስጢር እንዲያነጋግሩ ሥልጣን ይሰጣቸዋል።

አገልግሎቱ ዋጋውን የሚያሳየው መዝገብ ላይ ነው። ጎበዝ ተቆጣጣሪ የቀናቱን ድምር አይቶ አያልፍም፤ የጠባቂዎችን የፈረቃ መዝገብ ከክሊኒኩና እስረኛው ወደ ግቢ ከሚወጣበት ሰዓት መዝገብ ጋር ያስተያያል። አንድ ሰው በ14ኛው ቀን ለአንድ ሌሊት ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ በማግስቱ ቢመለስ፣ ሰውየው ምንም ዕረፍት ሳያገኝ ወረቀቱ ላይ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያወጣው ስም በስም የሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

በጤና ክትትል ረገድ ግን ብዙ ጊዜ ቅር የሚያሰኝ ክፍተት አያለሁ። ደንብ 46 ለብቻ የታሰሩትን የጤና ባለሙያ በየቀኑ እንዲጎበኛቸው ያዛል። ባለሙያው በምግብ ማቀበያው ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ «ደህና ነህ?» ሲል፣ ጠባቂው አጠገቡ ቆሞ እየሰማ፣ እስረኛው ከ«ደህና ነኝ» በቀር ምን ሊል ይችላል? ይህን እንደ ጉብኝት ቆጥሮ ፊርማውን ብቻ አይቶ የሚያልፍ የቁጥጥር ቡድን፣ በተለይ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ሁኔታው እየባሰበት ከሆነ፣ ዋና ሥራውን አልሠራም።

ሌላው ድክመት ተቆጣጣሪዎቹ ከወጡ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ የተናገረው እስረኛ ከዚያው ጠባቂ እጅ ይቀራልና። እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው የፀረ ማሰቃየት ስምምነት አማራጭ ፕሮቶኮል፣ ለብሔራዊ ተቆጣጣሪ መረጃ የሰጠን ሰው መቅጣት ይከለክላል። ይሁንና ክልከላው በተግባር የሚሠራው፣ ተቆጣጣሪው በቅርቡ ተመልሶ ያንኑ ሰው ሲጠይቅ ነው። ምክረ ሐሳባቸውም አስገዳጅ ባለመሆኑ፣ ካልተከታተሉት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ከፍተኛ ነጥብ የምሰጠው ለድንገተኛ ጉብኝት ብቻ ሳይሆን ለምልልስ ጉብኝት ነው። ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ስከፍትም አስቀድሜ የምፈልገው፣ ከ15 ቀን በላይ የቆዩት ስንት እንደሆኑና አስተዳደሩ ለቀደመው ምክረ ሐሳብ የሰጠውን መልስ ነው፤ እነዚህን ያልያዘ ሪፖርት የተሟላ አገልግሎት ነው ብዬ አልቀበለውም።