ሆርኔት ወይስ ሱፐር ሆርኔት? የብሉ ኤንጀልስ ጄቶች

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአየር ትርኢት ቡድን ብሉ ኤንጀልስ ከ1986 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በሆርኔት ተዋጊ ጄት በረረ፤ ከ2021 ወዲህ ሱፐር ሆርኔት ላይ ነው። ለመለየት አየር ማስገቢያውን ማየት ይበቃል፦ የቀድሞው ክብ ቢጤ፣ የአሁኑ ባለማዕዘን ነው። አዲሱ በሩብ ያህል ይገዝፋል፤ የእያንዳንዱ ሞተር ግፊትም ከ16,000 ወደ 22,000 ፓውንድ ገደማ አድጓል።

የትርኢቱ ምስጢር ግን በሁለቱም አንድ ነው። መድፉ ወጥቶ በቦታው የጭስ ዘይት ታንክ ይገባል። የአውሮፕላኑ መሪ ዘንግ ላይ 18 ኪሎ ያህል ወደፊት የሚስብ ስፕሪንግ ይታሰራል፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሊደፋ ሲል አብራሪው ክንዱን ጭኑ ላይ አስደግፎ ያለማቋረጥ ወደኋላ ይይዘዋል። እጁ አይንቀጠቀጥም። የጂ ልብስ (በኃይለኛ መታጠፍ ጊዜ ተነፍቶ ደም ወደ እግር እንዳይወርድ የሚያግዝ ልብስ) የማይለብሱትም ለዚሁ ነው፦ ሲነፋ ክንዱን ይገፋል፣ ክንፍ ለክንፍ ተጠግቶ መብረር ደግሞ ይህን አይምርም። ስለዚህ እግርና ሆድን አጥብቆ መወጠር ግድ ነው፤ የዘገየ ዓይኑ ይጨልምበታል።

ለጉልበት ሱፐር ሆርኔት፤ ለቅልጥፍና ግን ትንሹን እመርጣለሁ።