ክሮምቡክ ወይስ ዊንዶውስ? ጎጃም ላይ ላፕቶፕ ለሚገዛ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ያገለገለ ላፕቶፕ ስትፈልጉ ዋጋው ቀለል ያለ ክሮምቡክ ከቀረበላችሁ ቶሎ ብር አትቁጠሩ። ክሮምቡክ በዊንዶውስ ፈንታ በጎግል ክሮምኦኤስ የሚሠራ፣ ሥራው በአብዛኛው ኔት ላይ የሆነ ላፕቶፕ ነው። ዕቃው መጥፎ አይደለም። ለእናንተ ሥራ መሆኑን ግን ቀድማችሁ እወቁ።

የዊንዶውስ ባለቤት ማይክሮሶፍት ያደገው ፕሮግራሙም ፋይሉም በገዢው ማሽን ላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኦራክልና ሰን የተባሉት የኮምፒውተር ኩባንያዎች ማሽኑ ቀላል ይሁን፣ ሥራው ኔትወርክ ላይ ይሁን ብለው ተነሱ። አልሆነላቸውም፤ ኔቱ ቀርፋፋ ነበር፣ ፒሲም እየረከሰ ሄደ። ያንን ሐሳብ ጎግል በ2011 እ.ኤ.አ. በክሮምቡክ መልሶ አመጣው። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ወደ ኔት ዞሮ ኦፊስ 365ን፣ ማለትም ወርድና ኤክሴልን ከኔት አገልግሎት ጋር፣ አወጣ።

እኛ ጋ ዋናው ጣጣ ኔት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልሉ ላይ የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት መቆየቱን ማን ይረሳል? ክሮምቡክ ያለ ኔት ጭራሽ አይሠራም የሚባለው ግን ልክ አይደለም። ጎግል ዶክስ (የጎግል መጻፊያ) ላይ "ኦፍላይን" (ያለ ኔት መሥራት) የሚለውን አስቀድማችሁ ካበራችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፤ ኔት ሲመለስ ራሱ ይጭነዋል። ከጠፋ በኋላ ላብራ ብትሉ ግን አለቀ።

አካውንቲንግ የምትማሩ ወይም ሒሳብ የምትሠሩ ከሆነ ብዙ አታስቡ፤ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ የሚፈልገው ዊንዶውስ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) የሚያስፈልጋችሁም እንደዚያው። አማርኛ ኪቦርድ ክሮምቡክም አለው። ችግሩ የቢሮ ደብዳቤ ላይ ነው፦ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈውን ስትከፍቱት ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ይመጣል። ዊንዶውስ ላይ ፎንቱን ጭናችሁ ትገላገላላችሁ።

ክሮምቡክ የሚበልጥበትም አለ። ባትሪው ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ መብራት ለሚጠፋበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ የሚመጣው የዊንዶውስ ቫይረስም አይነካውም። ፋይል ኔት ላይ ለማስቀመጥ በነፃው ጎግል 15 ጊጋባይት ይሰጣል፣ የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ 5። ለማንበብ፣ ለኢሜይልና ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ ውሰዱት። ለሌላው ሁሉ እኔ ዊንዶውስ እላለሁ።

ዊንዶውስ ስትገዙ ኤስኤስዲ (ከድሮው ሃርድ ዲስክ የፈጠነ ማከማቻ) እና 8 ጊጋ ራም ጠይቁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል፤ ስለዚህ 11ን በወጉ የሚቀበል ማሽን ይሁን፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ።

ያገለገለ ክሮምቡክ ላይ ነው ሳሩን አይቶ ገደል የሚገባው። አንዳንዱ ከውጭ ትምህርት ቤት የወጣ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ቁጥጥር ሳይለቀቅ ይሸጣል። እዚያው ሱቅ ውስጥ "ፓወርዋሽ" (ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር) አስደርጉት፣ በስልካችሁ ኔት ስጡት። የትምህርት ቤት አካውንት ከጠየቀ ያ ማሽን የእናንተ አይሆንም። ማዘመኛው የሚያበቃበትን ቀንም ሴቲንግ ውስጥ እዩ። ሻጩ "ግድ የለም፣ በኋላ ይስተካከላል" ካለ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።