ስኖውሞቢል ወይስ በእግር? ከሊፍት ርቆ ለመንሸራተት

ተንሸራታቾችን ወደ ላይ ከሚያወጣው የስኪ ሊፍት ርቆ ተራራ ለመውጣት ምርጫው ሁለት ነው፦ በስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ በሚሄድ ባለሞተር ተሽከርካሪ) ወይም ስኪ ተጫምቶ በእግር። በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ቬይል ፓስ በተባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ሁለቱም መንገድ አለ።

ዋጋ፦ አዲስ የተራራ ስኖውሞቢል ከ10,000 ዶላር በላይ ነው። ተሳቢና ቤንዚን ሲጨመርበት ኪስ ያራቁታል። በእግር ለሚወጣ ስኪው ሥር የሚለጠፍ፣ ወደ ኋላ እንዳያንሸራትት የሚይዝ “ስኪን” የተባለ ጨርቅና ተረከዝ የሚለቅ ማሰሪያ ይበቃዋል።

ድካም፦ የሁለት ሰዓት አቀበት በሞተር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ግን ከ200 ኪሎ በላይ የሚከብድ ማሽን ለስላሳ በረዶ ውስጥ ሲቀበር፣ በአካፋ ቆፍሮ ማውጣት ወገብ ይቆርጣል።

አደጋ፦ የበረዶ ናዳ ለማንም አይመለስም። እኔን ግን ሞተሩ ይበልጥ ያስፈራኛል። በእግር ስትወጣ በረዶው ከሥርህ “ውምፍ” ብሎ ሲሰጥም ትሰማለህ። የሞተር ጩኸት ይህን ማስጠንቀቂያ ይውጠዋል። ቢከን (በናዳ የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም የሬዲዮ ምልክት መሣሪያ)፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ በሁለቱም ግዴታ ናቸው።

ቦታው ሩቅ፣ ቀኑ አጭር ከሆነ ስኖውሞቢል። ሞተር በሕግ በተከለከለበት የዱር ክልል፣ ወይም ጸጥታ ከፈለግህ፣ በእግር።